ከፎቶው ስር ወሩ ይጻፍ

ጢስ ዓባይን ብዙዎቻችን መጀመሪያ ያየነው አንድ ብር ላይ ነው። ሳንቲሙን ሳይሆን የድሮውን የወረቀት አንድ ብር ማለታችን ነው፤ ጀርባው ላይ ፏፏቴው ነበረ። ከዚያ በፖስት ካርድ፣ በካላንደር፣ በሆቴል ግድግዳ አየነው። በሁሉም ላይ ገደሉ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው።

በአካል ያየነው በየካቲት 2011 ዓ.ም. ነው፤ ገና የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ሳለን። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል አቧራ ስንቅም ሄደን፣ የፖርቱጋል ድልድይ የሚሉትን ተሻግረን፣ ዳገቱን ወጥተን ስንደርስ... ጥቁር ድንጋይ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ቀጭን ውኃ! ፖስት ካርዱ ቦርሳችን ውስጥ ነበር።

ፖስት ካርዱ ዋሸን እንዴ? አልዋሸም። የተነሳው በክረምት ነው፤ ይህን ግን የትም አልጻፈውም። ውኃው የት እንደገባም ምስጢር አይደለም። በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ተከፈተ፤ በ1993 ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ሲመጣ ወንዙ ከፏፏቴው በላይ በብዛት ወደ ቦይ ተጠለፈ። በ2002 የ460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ሥራ ሲጀምር የሐይቁ ውኃ በዋሻ ወደ በለስ መውረድ ጀመረ። በመብራቱ አናማርርም (ፎቶኮፒ ማሽኑም የሚሠራው በመብራት ነው)። የምናማርረው በፎቶው ነው።

ስለዚህ ዚን ሠራን። ዚን ማለት ሰው በራሱ እጅ አዘጋጅቶ በጥቂት ቅጂ የሚያወጣት ትንሽ መጽሔት ናት። አራት ኤ4 ወረቀት ለሁለት አጥፋችሁ ወገቡን በስቴፕለር ስትመቱት 16 ገጽ ይወጣችኋል፤ አለቀ! ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሳይንስ ልብ ወለድ አፍቃሪዎች ጀመሩት፤ ፎቶ አንሺዎችም ወደዱት። ጃፓናዊው ዳይዶ ሞሪያማ እ.ኤ.አ. በ1972 «ሪከርድ» የምትባል ቀጭን የፎቶ መጽሔት በራሱ ማሳተም ጀምሮ ነበር። እኛ አገር አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስት ለፎቶ አንሺዎች ትልቅ መድረክ ሆኗል። እዚያ መድረክ ላይ ለመድረስ ግን ወረፋው ረጅም ነው፤ ፎቶኮፒ ቤት ያለው ወረፋ ቢበዛ ሦስት ሰው ነው።

60 ቅጂ አባዝተን ጢስ ዓባይ ከተማ ይዘን ሄድን። አንድ አስጎብኚ ወጣት 16ቱንም ገጽ አገላብጦ «እናንተ ልጆች፣ እንጀራችንን ልትዘጉት ነው እንዴ?» አለን። አፈርን። ደረቅ ገደል ለማየት ማን ገንዘብ ይከፍላል?

ግን እስቲ አስቡት። ፖስት ካርዱን አምኖ በየካቲት የመጣው እንግዳ የሚቆጣው ማን ላይ ነው? ካርዱን ያተመውን ሰው አያገኘውም። የሚያገኘው ይህንኑ ልጅ ነው። ይህን ስንለው ሳቀ፤ «እውነት ነው፣ በየቀኑ ‹ውኃው የታለ?› እባላለሁ» አለ። ከዚያ የክረምቱንም ፎቶ እንድንጨምር፣ ከሁለቱም ስር ወሩን እንድንጽፍ መከረን። ከእኛ ይልቅ አርታኢ መሆን የነበረበት እሱ ነበር!

አሁን የምንለው ይህንኑ ነው። የቱሪዝም ቢሮው በፖስተሩ፣ ሆቴሉ በግድግዳው፣ እናንተም በቴሌግራም ስትለጥፉ ወሩንና ዓመቱን ጻፉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ጦርነት ምክንያት እንግዳው ጠፍቷል። ሲመለስ ደጃፍ ላይ የሚቀበለው ያው አስጎብኚ ነው፤ እንደገና በሰው ፎቶ ይሰደብ?

ሁለተኛውን እትም ጀምረናል። በግራ ገጽ የካቲት አለ፤ የቀኙ ገጽ ባዶ ነው። በነሐሴ ያነሳችሁት ፎቶ ያላችሁ ላኩልን፤ ዓመቱን እንዳትረሱ።