ያረጀውን ጌም እኛው እንጠግነው

በጌም ቤት ወረፋ ጠብቃችሁ፣ በታላቅ ወንድማችሁ ላፕቶፕ ተደብቃችሁ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለሱ ቦርሳችሁን ሳታወርዱ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን የተጫወታችሁ ሁሉ፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2004 ለፕሌይስቴሽን 2፣ በ2005 ደግሞ ለኮምፒውተር ወጣ። ከ20 ዓመት በኋላም ይሠራል፤ ሲበላሽም ይጠገናል። ዛሬ ጥገናውን የያዙት ግን የሠሩት ሰዎች አይደሉም። ማንም ደመወዝ የማይከፍላቸው፣ ጌሙን የሚወዱ ተጫዋቾች ናቸው። ከእነሱ ጎን ለእኛም ቦታ አለ። እስካሁን አልያዝነውም፤ አሁን እንያዘው።

ስኪመርን አስታውሱ። ውኃ ላይ የሚያርፈው ያ ትንሽ አውሮፕላን ነው። በ2024 መጨረሻ ዊንዶውስ 11 24ኤች2 ወደተባለው እትም ሲሻሻል ስኪመር ከጌሙ ውስጥ ድራሹ ጠፋ። በወትሮው ቦታው የለም። ተጫዋቾች ራሳቸው በሚሠሩት ተጨማሪ ፋይል፣ በሞድ አማካይነት በግድ ሲያመጡት ደግሞ ተጫዋቹን ይዞ ወደ ሰማይ ይወነጨፋል፤ ወደ ምድርም አይመለስም።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በዊንዶውስ ላይ ቢጥል አይገርምም፤ የተቀየረው እሱ ብቻ ነበርና። ስህተቱ ግን ጌሙ ከወጣበት ቀን ጀምሮ እዚያው ተቀምጦ ነበር። የጌሙ ተሽከርካሪዎች ሁሉ የሚዘረዘሩበት አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል አለ። እያንዳንዱ መኪና፣ ጀልባና አውሮፕላን የራሱ መስመር አለው፤ ጎማ ላለው ሁሉ የጎማው መጠን እዚያ ይጻፋል። በስኪመር መስመር ላይ ይህ መጠን የለም። ቀደም ብሎ በወጣው የጂቲኤ ጌም፣ በቫይስ ሲቲ፣ ስኪመር የተመዘገበው በጀልባነት ነበር፤ ጀልባ ደግሞ ጎማ አያስፈልገውም። በሳን አንድሪያስ ወደ አውሮፕላንነት ሲዛወር የጎደለውን የሞላ ሰው አልነበረም። ጌሙም ቁጥሩ መኖር አለመኖሩን ሳያጣራ ሜሞሪው ላይ ያገኘውን ይወስዳል። ያገኘው ደግሞ ከስኪመር በፊት ከተነበበው ቫን የተረፈውን 0.7 ነበር። በአጋጣሚ ልክ ሆነ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያ አውሮፕላን የበረረው በሌላ መኪና የጎማ ቁጥር ነው! አዲሱ ዊንዶውስ ያችን የሜሞሪ ቦታ ለራሱ የውስጥ ሥራ ሲጠቀምባት የተረፈው ቁጥር ተደመሰሰ፤ በቦታው ትርጉም የሌለው ቁጥር ገባ።

ይህን የፈታው ሳይለንት በሚል ስም የሚታወቀው ፖላንዳዊ ፕሮግራመር ነው። ሳይለንትፓች የተባለው ነፃ ማስተካከያው የሳን አንድሪያስን በርካታ ስህተቶች ያርማል፤ የስኪመርን ምክንያት ደግሞ በ2025 አንድ በአንድ ተንትኖ ለሕዝብ አቀረበ። ማስተካከያውን መጫን ያልፈለገ ሰው እንኳ ያንን የተሽከርካሪዎች ፋይል በኖትፓድ ከፍቶ የጎደሉትን ጥቂት ቁጥሮች ቢጨምር አውሮፕላኑ ይመለስለታል።

እኔ ግን ከሳይለንት ይልቅ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ሌላ ሰው አለ፤ «አውሮፕላኑ የለም፤ የጠፋው ከዊንዶውስ አፕዴት በኋላ ነው» ብሎ ያሳወቀውን ተራ ተጫዋች። ያ ሰው ኮድ ማንበብ አያስፈልገውም ነበር። ያየውን በትክክል ተናገረ፤ መቼ እንደጀመረም ጨምሮ ተናገረ። ፍለጋው የተጀመረው ከዚያ ነው። ይህን ማድረግ የማይችል ማነው ከመካከላችን?

እንዲያውም እኛ ከብዙዎች የተሻለ እንችላለን። ምክንያቱን ላስረዳ። ማስ ኢፌክት የተባለው ጌም በ2008 ለኮምፒውተር ወጣ። ኤኤምዲ በ2011 ካወጣው አዲስ የፕሮሰሰር ትውልድ ጀምሮ ኖቬሪያ በተባለችው በረዷማ ፕላኔት ላይ የገጸ ባሕርያቱ ፊትና ገላ ወደ ጥቋቁር ጓሎች ይቀየር ጀመር። የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ተጫዋች እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ ምንም ችግር አያይም። ጌሙ የሚጠቀምበት አንድ የማይክሮሶፍት የሒሳብ ቤተ መጻሕፍት በሁለቱ ፕሮሰሰሮች ላይ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጥም፤ በኤኤምዲ ላይ ስሌቱ እየከሸፈ ብርሃኑ ይጠፋል። ይህም የተፈታው በ2020፣ በዚያው በሳይለንትና በባልደረቦቹ እጅ ነው። የኢንቴል ኮምፒውተር ብቻ ያለው ሰው ስህተቱን በዓይኑ ማየት አይችልም ነበር። ማስረጃው ያለው ችግሩ በደረሰበት ማሽን ላይ ብቻ ነው።

አሁን በየቤታችን ያለውን እንቁጠር። ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ከመሥሪያ ቤት የወጣ ዴል፣ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የሌለው፣ ራሙ 4 ጊጋ የሆነ፣ አንዱ ዊንዶውስ 7 ሌላው 10 የተጫነበት። አውሮፓ ውስጥ ሞድ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለ ስብስብ ከየት ያመጣል? የምናፍርባቸው ማሽኖች ለዚህ ሥራ ውድ ናቸው። አዲስ ጌም መጫን የማይችሉ ስለሆኑም የአሮጌ ጌሞች ዕድሜ ከማንም በላይ የሚጠቅመው እኛን ነው።

«ኩባንያው ራሱ ያስተካክለው» የሚል አለ። ኩባንያው ሲያስተካክል ምን እንደሆነ አይተናል። በኅዳር 2021 የሳን አንድሪያስ አሳታሚ ሮክስታር የሦስቱን አሮጌ ጂቲኤዎች የታደሰ ቅጂ አወጣ፤ ዝናቡ ዓይን የሚጋርድ ነጭ መስመር ሆኖ ወረደ፤ ርቀትን የሚሸፍነው ጭጋግ ተነሥቶ ያ ሰፊ ምድር እንደ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ባንድ ዓይን ታየ። ይባስ ብሎ የድሮዎቹን ቅጂዎች ከኮምፒውተር ገበያ አነሣቸው። የተጫዋቾች ቁጣ ሲበረታ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ መለሳቸው። ሳይለንት ሂል 2 የተባለው ጌምም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶታል። በ2012 በድጋሚ ሲወጣ ለአዘጋጆቹ የተሰጣቸው ያላለቀ ኮድ ነበር፤ የጌሙ ነፍስ የሆነው ጭጋግም ተበላሸ። ዛሬ ያንን ጭጋግ እንደ መጀመሪያው ማየት የሚፈልግ ሰው የሚሄደው የ2002ቱን የኮምፒውተር ቅጂ ዓመታት ፈጅተው ወዳስተካከሉት አድናቂዎች ነው። ብለድላይንስ የተባለውን የቫምፓየር ጌም የሠራው ትሮይካ ደግሞ በ2005 ተዘጋ፤ ጌሙን እስከ ዛሬ እየጠገነ ያቆየው አንድ ጀርመናዊ አድናቂ ነው። የሌለ ኩባንያ ምን ሊያስተካክል ይችላል?

በአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት እዚያ አገር ከወጡ ጥንታዊ ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ ላይ አይገኙም። ዩቢሶፍት የተባለው ኩባንያ በ2024 ዘ ክሩ የተባለውን ጌሙን ሰርቨር ሲያጠፋ፣ ገንዘብ ከፍለው የገዙ ሰዎች ጌሙ በእጃቸው ሞተ። በዚህ የተቆጡ አውሮፓውያን ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባስበው ለአውሮፓ ኅብረት አቅርበዋል። እነሱ ፊርማ አላቸው፤ እኛ ዓይንና ማሽን አለን።

የሞድ ሥራ ራሱም አደጋ አለበት። የሮክስታር እናት ኩባንያ ቴክ ቱ በ2021 በርካታ የጂቲኤ ሞዶችን አስወርዷል፤ የጌሞቹን ኮድ ከውጤቱ ተነሥተው መልሰው የጻፉ አድናቂዎችንም ፍርድ ቤት አቁሟል። ስለዚህ ዛሬ የሚገኝ ማስተካከያ ነገ ላይገኝ ይችላል። የሠሪው ፈቃድ የሚፈቅደውን ቅጂ ከነመመሪያው በየፍላሻችን እናስቀምጥ፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዲኖረው።

ፕሮግራሚንግ የምትማሩ ተማሪዎች፣ የሳይለንትፓች ኮድ ለማንም ክፍት ነው። የመመረቂያ ሥራ ስትፈልጉ ሌላ የሱቅ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ከምትጽፉ አንድ የተበላሸ ጥላ ከምን እንደመጣ ተከታትላችሁ ድረሱበት። ከዚያ የሚገኘው የሜሞሪና የፕሮሰሰር ዕውቀት በሌክቸር አይገኝም። ጽሑፍ የሚቀናችሁ ደግሞ መመሪያ ጻፉልን፤ በአማርኛ። ፋይሉ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን ምን እንደሚቀድም፣ ስህተት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ። አሁን ያሉት መመሪያዎች በእንግሊዝኛና በሩሲያኛ የተሞሉ ናቸው፤ የ14 ዓመት ልጅ ጎንደር ተቀምጦ የሚያነበው የለም።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ወገኖች፣ በ2005 የገዛችሁት የሳን አንድሪያስ ዲቪዲ ጓዳ ውስጥ ካለ አትጣሉት። የመጀመሪያው ቅጂ፣ 1.0 የሚባለው፣ አብዛኛው ሞድ የተሠራበት መሠረት ነው። በኋላ በኢንተርኔት የተሸጠው ቅጂ በ2014 ሲሻሻል የሬዲዮ ዘፈኖቹ ተቀንሰውበታል፤ የቆዩ ሴቮችም አልሠራ ብለውበታል። ያ ዲስክ ሙሉውን ጌም የያዘ ምስክር ነው።

ጌም ቤት ያላችሁ፣ ከእናንተ የምንፈልገው አንድ ማሽን ነው። በሰው ሞድ ያልተነካካ፣ ምንም ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ጌም የተጫነበት። ከየቦታው የተለቃቀመ ቅጂ ላይ የታየ ስህተት የጌሙ ይሁን የሞዱ አይታወቅም፤ ሪፖርቱም ዋጋ ያጣል። ለጠጋኙ የሚጠቅመው የዊንዶውሱ ቁጥር፣ የግራፊክስ ካርዱ ስም፣ የጌሙ ቅጂ፣ ስህተቱ የታየበት ቦታና ሰዓት፣ ስክሪን ሾት፣ እንደ ሳይለንትፓች ያለ ማስተካከያ ተጭኖ ከሆነም ሲነሣ ስህተቱ መቅረት አለመቅረቱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ገበያው ሲቀዘቅዝ ሁለት ልጆች አስቀምጡ፤ አንዱ ይጫወት፣ አንዱ ይጻፍ። የመጀመሪያውን ሪፖርት ላኩ። ጠጋኙ «ይህንንስ ሞክራችኋል?» ብሎ ይመልስላችኋል፤ ሞክሩና ሁለተኛውን ላኩ።