የድሮ ዕዳ ደውሎ ሲመጣ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

አሜሪካ ለምትኖሩ ተከታታዮቻችን ሁለት ዜናዎችን እናስታውሳችሁ። በሜይ 5፣ 2025 የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት ክፍያቸው በተቋረጠ የተማሪ ብድሮች ላይ፣ በኮቪድ ጊዜ አቁሞት የነበረውን የማስከፈል ሥራ እንደገና ጀመረ። በጁላይ ደግሞ አንድ የቴክሳስ ፌዴራል ፍርድ ቤት የሕክምና ዕዳ ከክሬዲት ሪፖርት ላይ እንዲወጣ የሚያዘውን ደንብ ሻረው። ደንቡን ያወጣው የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ፣ ሥራ ላይ ቢውል ኖሮ የ15 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች 49 ቢሊዮን ዶላር የሕክምና ዕዳ ከሪፖርት ላይ ይወጣል ብሎ ነበር።

በቀላል አማርኛ፦ "መንግሥት ያጠፋልናል" ተብሎ የተጠበቀው አልሆነም። ክሬዲቱ የተበላሸበት ሰው መፍትሔውን ራሱ መፈለግ አለበት።

ነገሩ ደግሞ ቀላል አይደለም። ክሬዲት የሌለው ሰው አፓርታማ ሲጠይቅ ይከለከላል፣ ወይ ከፍ ያለ ዲፖዚት ይጠየቃል። ለኡበር የሚሠራበትን መኪና በብድር ሲገዛ ወለዱ ይከመርበታል። እቁቡን ለዓመታት ሳያዛንፍ የጣለ ሰው እንኳ ይህ ታማኝነቱ ሪፖርቱ ላይ አይታይለትም። እኛ መሀል ያለው እምነትና የባንኩ እምነት አይተዋወቁም።

ደዋዩ ማነው?

ብዙ ጊዜ የሚደውለው መጀመሪያ ያበደራችሁ ባንክ ወይም ያከማችሁ ሆስፒታል አይደለም። የቆየ ዕዳ እንደ ዕቃ ይሸጣል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ዕዳ ገዢ ድርጅቶች ለአንድ ዶላር ዕዳ በአማካይ የከፈሉት 4 ሳንቲም ነበር። ስለዚህ "ዛሬውኑ ግማሹን ክፈልና እንተውልህ" የሚላችሁ ሰው ደግነት እየሠራላችሁ ላይሆን ይችላል። ሂሳቡን ሠርቶ ነው የመጣው።

ዕዳው ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ወረቀቱም ይበላሻል፦ መጠኑ ይሳሳታል፣ የተከፈለው እንዳልተከፈለ ይጻፋል፣ የሌላ ሰው ዕዳ በናንተ ስም ይመጣል። ስማቸው በእንግሊዝኛ በሦስት ዓይነት ፊደል ለሚጻፍ ለኛ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሁለቱን ሰዓቶች አታምታቱ

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የድሮ ዕዳ ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች አሉት።

አንደኛው የሪፖርት ሰዓት ነው። በፌዴራል ሕግ ኮሌክሽን የገባ ዕዳ ሪፖርት ላይ የሚቆየው 7 ዓመት ገደማ ነው። የሚቆጠረውም መጀመሪያ መክፈል ካቆማችሁበት ጊዜ ተነስቶ ነው። ዕዳው ለሌላ ድርጅት ስለተሸጠ ወይም እናንተ ጥቂት ስለከፈላችሁ ይህ ሰዓት እንደ አዲስ አይጀምርም።

ሁለተኛው የክስ ሰዓት ነው። አበዳሪው እናንተን ከሶ ማስፈረድ የሚችልበት ጊዜ ከስቴት ስቴት ይለያያል። በሜሪላንድና በዲሲ ለተለመደ የውል ዕዳ 3 ዓመት ነው፤ በቨርጂኒያ ለጽሑፍ ውል 5 ዓመት። ጊዜው ካለፈ በኋላ ሰብሳቢው ሊከሳችሁም ሆነ እከሳለሁ ብሎ ሊያስፈራራችሁ አይፈቀድለትም። ግን በብዙ ስቴቶች 20 ዶላር ብትከፍሉ ወይም "አዎ፣ የኔ ዕዳ ነው" ብላችሁ ብትጽፉ ይህ ሰዓት እንደገና ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። "ለጊዜው ትንሽ ጣል አድርግ" የሚለው ልመና ምን እንደሚፈልግ አሁን ገባችሁ?

የፌዴራል የተማሪ ብድር ግን ከዚህ ውጪ ነው። የክስ ጊዜ ገደብ የለውም፤ መንግሥት ያለ ፍርድ ቤት የታክስ ተመላሻችሁን ሊወስድ ይችላል። እሱን ዝም ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ሪፖርታችሁን እዩ። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ ከኤክስፔሪያን፣ ከኢኩዊፋክስና ከትራንስዩኒየን በየሳምንቱ በነፃ ይገኛል። የተሳሳተ ካለ ለቢሮዎቹ በጽሑፍ ተቃውሞ አቅርቡ፤ ብዙውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው መመለስ አለባቸው። የሕክምና ዕዳ ከሆነ ደግሞ የተከፈለው፣ ከ500 ዶላር በታች የሆነውና ዓመት ያልሞላው ሦስቱ ቢሮዎች በራሳቸው ውሳኔ አያሳዩትም። ካያችሁት አስነሱት።

ሰብሳቢው ሲደውል በስልክ ምንም አትመኑ፣ የባንክ ቁጥርም አትስጡ። የዕዳው ማስረጃ ከደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ "አረጋግጥልኝ" ብላችሁ በጽሑፍ ከጠየቃችሁ፣ እስኪያረጋግጥ ማስከፈሉን ማቆም አለበት። ዕዳው እውነት የናንተ ከሆነና ለመስማማት ከወሰናችሁ ስምምነቱን በወረቀት ሳትይዙ ገንዘብ አትላኩ። የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ ደግሞ ዕዳው የቱንም ያህል ያረጀ ቢሆን መልስ ስጡ። ካልቀረባችሁ በሌላችሁበት ይፈረድባችኋል፣ ከዚያ ደሞዝ እስከማስቆረጥ ይሄዳል።

"ክሬዲት አጸዳለሁ" ለሚሉትም ተጠንቀቁ። ሥራውን ሳይጨርሱ ገንዘብ መቀበል በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። እውነተኛ መረጃን ጊዜው ሳይደርስ ሊያስጠፋ የሚችል ሰው የለም። በሶሻል ሴኩሪቲ ፈንታ "አዲስ ቁጥር እናወጣልሃለን" ካሏችሁ ደግሞ ሩጡ፤ ማጭበርበር ነው፣ ተጠያቂ የምትሆኑትም እናንተ ናችሁ።

መልሶ መገንባት

በተለመደው የፋይኮ ስሌት ከነጥቡ 35 ከመቶው በጊዜ መክፈል ነው፤ 30 ከመቶው ምን ያህል ዕዳ እንደተሸከማችሁ ነው። ስለዚህ ዲፖዚት አስይዛችሁ አንድ ሴኪዩርድ ካርድ አውጡ፣ የስልክ ቢል የምታህል ነገር ብቻ ክፈሉበት፣ በየወሩ ሙሉውን መልሱ። የወንድም ወይም የእህት ንጹሕ ካርድ ላይ ስማችሁን ማስገባትም ይረዳል። ለዘመድ ብድር ኮሳይን ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ አገር ዋስ ማለት ተበዳሪ ማለት ነው፤ እሱ ባይከፍል ክሬዲቱ የሚበላሸው የሁለታችሁም ነው።

የኛ እይታ ይሄ ነው፦ ዕዳን መካድ አንልም፣ የተበደረ ይክፈል። ግን ስንት፣ ለማንና በየትኛው ሕግ የሚለውን ሳያጣራ በድንጋጤ የሚከፍል ሰው ሁለቴ ይከስራል፤ ገንዘቡም ይሄዳል፣ ክሬዲቱም አይመለስም። እኛ ሰፈር ዕዳ ነውር ስለሆነ ሰው ለጓደኛው እንኳ አይናገርም። ሰብሳቢው የሚያተርፈውም ከዚህ ዝምታ ነው። ስልኩ እየጮኸ የማያነሳ ወዳጅ ካላችሁ ይህን ላኩለት።