ደመ ከልብ

አማርኛ ተጠያቂ ያልተገኘለትን ሞት «ደመ ከልብ» ይለዋል። አነጋገሩ ከግዕዝ የተወረሰ ነው፤ ከልብ ማለት ውሻ ነው። ደመኛ የማይፈለግለት፣ ካሳ የማይጠየቅበት፣ ከሳሽም ተከሳሽም የሌለው ደም እንደ ውሻ ደም ይቆጠራል ማለት ነው። የአዲስ አበባን የበዓል ዋዜማዎች ላስተዋለ ሰው ግን ሐረጉ ምሳሌነቱ ቀርቶ ቃል በቃል እውነት ሆኖ ይታየዋል።

በእንቁጣጣሽና በመስቀል ሰሞን፣ በገና ዋዜማ፣ የፈረንጆቹም ዓመት በሚለወጥበት ሌሊት የከተማዋ ሰማይ በርችት ይናወጣል። ከፊሉ ከትልልቅ ሆቴሎች የሚተኮስ ነው። የሚብሰው ግን በየቅያሱና በየኮንዶሚኒየሙ ግቢ፣ ሰዓቱም ቦታውም ሳይታወቅ የሚፈነዳው ነው። በዚያች ሰዓት ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ በሰንሰለት የታሰረው ውሻ ምን እንደሚሆን ዘወር ብሎ የሚያይ የለም። አንገቱ እስኪላጥ ሰንሰለቱን ይጎትታል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ለሃጩን ያዝረበርባል፤ የበዓሉን አጥንት እንኳ አይቀምስም። ድመቷ ከአልጋ ሥር ገብታ ሌሊቱን ሙሉ አትወጣም። ሰንሰለቱ የተበጠሰለት ውሻ አጥር ዘሎ ወደማያውቀው መንገድ ይሮጣል። ከመኪና ጎማ ቢተርፍ እንኳ በማግሥቱ ባለቤት አልባ ተብሎ ይቆጠራል፤ የባለቤት አልባ ውሾች ዕጣ በዚህች ከተማ ለዓመታት መርዝ እንደነበረ ደግሞ ነዋሪው ያስታውሳል።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ሲሆን፣ የውሻ 45,000 ገደማ ይደርሳል፤ የድመት ደግሞ ከ60,000 ያልፋል። የአውሮፓ ኅብረት ለሕዝብ የሚሸጥ ርችት በተወሰነለት የጥንቃቄ ርቀት ላይ ሲለካ ከ120 ዴሲቤል እንዳያልፍ ደንግጓል፤ ይህም ቢሆን የሰው ጆሮ መታመም ወደሚጀምርበት ደጃፍ የተጠጋ ነው። መንደር ውስጥ ሲተኮስ ግን ርቀት የሚለካ የለም። ነጎድጓድ እንኳ ደመናና ነፋስ ይቀድሙታል፤ ርችት መልእክተኛ አይልክም። ተኳሹ ደስታ መሆኑን ያውቃል፤ ለውሻው ይህን የሚነግረው የለም።

«ይለምደዋል» የሚለው መልስ ከሁሉ ይቀላል። እውነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። ፍንዳታ የሚፈራ ውሻ ድምፁ በተደጋገመበት ቁጥር ፍርሃቱ እየባሰ ይሄዳል፤ ውሎ አድሮም በር ሲላተም፣ ጎማ ሲፈነዳ፣ ዝናብ ሊጥል ሲያጉረመርም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ቤት ጠባቂ ነው ተብሎ የተቀለበው ውሻ ከቤተሰቡ ሁሉ ይበልጥ የሚፈራ ፍጡር ይሆናል።

«ድምፅ የበዓላችን ወግ ነው፤ ቡሄ ያለ ጅራፍ፣ መስቀል ያለ ደመራ አያምርም» የሚሉም አሉ። አያምርም፤ ልክ ናቸው። ርችት ግን ጅራፍም ደመራም አይደለም። ጅራፍ የእረኛ መሣሪያ ነው፤ የድምፁ ልክ የልጁ ክንድ ነው፤ ትውፊቱም በደብረ ታቦር የተሰማውን ድምፅ እንዲያሳስብ ትርጉም ሰጥቶታል። ደመራም ያለ ፍንዳታ ዘመናትን ተሻግሯል፤ ሰው ዙሪያውን ቆሞ ሲዘምር ውሻው ከባለቤቱ እግር ሥር ተኝቶ እሳቱን ይመለከታል። ርችት በካርቶን ታሽጎ የመጣ ሸቀጥ ነው። ለእንቁጣጣሽ ቢተኮስ፣ ለሠርግ ቢተኮስ፣ ለእግር ኳስ ድል ቢተኮስ ድምፁ አንድ ነው፤ የትኛውንም በዓል አይዘክርም። እንዲህ ያለውን ነገር በአባቶች ወግ ስም መከላከል ወጉን ማቃለል ነው።

የመጨረሻው መከራከሪያ «ሰው ተቸግሮ ሳለ ስለ ውሻ ይወራል ወይ?» የሚል ነው። ስለ ውሻ ማሰብ ከሰው አፍ የሚነጥቀው እንጀራ ግን የለም፤ አለመተኮስ ወጪ አያስወጣም። እንዲያውም ብሩን ያቃጠለው ተኳሹ ነው። ደግሞስ የሚደነግጠው ውሻው ብቻ ነውን? በዚያው ግቢ አራስ አለች፤ ሕመምተኛ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በአገሪቱ ከተካሄዱት ጦርነቶች ሸሽቶ ከተማዋ ውስጥ የተጠለለ ቤተሰብም አለ፤ ለእርሱ የእኩለ ሌሊት ፍንዳታ የበዓል ዜና አይደለም። በቅርብ ዓመታት ፖሊስ በበዓላት ዋዜማ ርችት መተኮስ ክልክል ነው እያለ ደጋግሞ ማሳሰቡም፣ ድምፁን ከጥይት ለመለየት የሚቸገረው እንስሳ ብቻ አለመሆኑን ያስረዳል። ውሻው የሚለየው ፍርሃቱን መደበቅ ባለመቻሉ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ኢኳዶር እ.ኤ.አ. በ2018 በጋላፓጎስ ደሴቶች ድምፅ ያለውን ርችት ከልክላ ድምፅ አልባውን ብቻ ስትፈቅድ፣ ምክንያቷ የእንስሳቱ ድንጋጤ ነበር። አዲስ አበባም ርችቷን በአንድ ቦታ፣ አስቀድሞ በታወቀ ሰዓት፣ ለአጭር ጊዜ ማድረግ አያቅታትም፤ ለሕፃናት ከሚሸጡት እጅ ላይ ማንሣትም እንዲሁ። የውሻው ባለቤትም ከጥፋቱ ነፃ አይደለም። በበዓል ሌሊት ሰንሰለቱን ፈትቶ ወደ ቤት ማስገባት፣ መስኮቱን ዘግቶ ራዲዮ መክፈት፣ በአንገቱ ላይ የስልክ ቁጥር ማሰር ሳንቲም የማያስወጣ ወይም እጅግ ጥቂት የሚያስወጣ ነገር ነው።

«ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች» ይባላል። የግቢው ውሻ ደግሞ ላቱን ብቻ ሳይሆን መላ አካሉን ውጭ የሚያሳድረው ጌታው በሰላም እንዲተኛ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሌሊቱን ለጠበቀለት ፍጡር አንዲት የበዓል ሌሊት ጸጥታ የሚነፍግ ሰፈር፣ ደመ ከልብ የሚለውን ቃል ከመዝገበ ቃላት ወደ ደጁ አውጥቶታል።