የአያት ሽቶ

የልጅ ልጄ ጢሙን መላጨት ከጀመረ ገና ወር አልሞላውም። ባለፈው እሑድ ከአያቱ መሳቢያ ግማሽ የቀረ ኦልድ ስፓይስ አግኝቶ፣ ፊቱን ቀባብቶ ሳሎን ሲገባ ስኒው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ባለቤቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው፤ ጠረኑ ግን ከልጁ ቀድሞ ገባ።

«እማማ፣ ምኑ ነው እንዲህ የሚያሞቀው?» አለኝ። ወጥ ቤት ወስጄ ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ገውዝ አሽትት አልኩት። ቶሎ ገባው። ቅመሙ ሲበርድ ከሥር የሚቀረው ለስለስ ያለ ጠረን ደግሞ ቫኒላ ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለወንዶች ከመውጣቱ በፊት በዚሁ ስም የሴቶች ሽቶ እንደነበረ ስነግረው ፊቱን አጨማደደ!

እኔን ቅርንፉድ የሚያስታውሰኝ የጥርስ ክፍላችንን ነው። ሐኪሙ ከቅርንፉድ ዘይት የሚገኘውን ዩጅኖል ከዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ጋር ለውሶ የተቦረቦረ ጥርስ ለጊዜው ይደፍንበት ነበር። ይኸው ዩጅኖልና የቀረፋው ሲናማል፣ በየትኛውም ሽቶ ውስጥ ቢሆኑ፣ የአንዳንድ ሰው ቆዳ አይስማማቸውም፤ ያሳክካል፣ ሽፍ ይላል። አዲስ የተላጨ ፊት ላይ ሲሆን ይብሳል፤ አልኮሉም ያቃጥላል። ስለዚህ መጀመሪያ ክርን መታጠፊያ ላይ ጥቂት ቀብቶ አንድ ሁለት ቀን ማየት ነው። ሕፃን እህቱን ከማቀፉ በፊት ደግሞ ፊቱን ይታጠባል፤ በዚህ ድርድር የለም።

ቆይቶ ያረጀ ሽቶ ቆዳን የበለጠ ሊያስቆጣ ስለሚችል አዲስ ግዛ ብዬ ገንዘብ ሰጠሁት፤ አሮጌውን እኔ አስቀረሁ። ምክንያቴ ይህ ብቻ እንዳልሆነ እሱም ገብቶታል።