ጄል ስለሆነ አንቲባዮቲክነቱ አይቀርም!

ዛሬ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ የብጉር ክሊንዳማይሲን ጄል እናውራ።

መጀመሪያ የራሴን ልናዘዝ። የሕክምና ተማሪ እያለሁ ፊቴ በብጉር ተሞልቶ ነበር። ጓደኛዬ "ይቺን ሞክራት" ብሎ ጄሉን ሰጠኝ። በሁለት ወር ፊቴ ጠራ። ከዚያ በኋላ ሲያልቅ እየገዛሁ፣ ብጉር ብቅ ባለ ቁጥር ነካ እያደረግሁ ከዓመት በላይ ቀጠልኩ። በመጨረሻ ጄሉ አልሠራ አለኝ። ክፍል ውስጥ የተማርኩትን መስታወት ፊት ስቆም ረስቼው ነበር።

አሁን የካ ውስጥ በምሠራበት ክሊኒክ ይኸው ታሪክ ተመልሶ ይመጣል። ከመገናኛም ይምጡ ከኮተቤ፣ "ዶክተር፣ በፊት ያድነኝ ነበር፤ አሁን ፊቴ ለመደው" ይሉኛል። የለመደው ግን ፊታቸው አይደለም፤ ባክቴሪያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብጉር የሚጀምረው የቆዳ ቀዳዳ በወዝና በሞተ ቆዳ ሲደፈን ነው። እዚያ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባና ቆዳው ይቆጣል። ክሊንዳማይሲን ባክቴሪያውን ይቀንሳል፣ ቁጣውንም ያበርዳል፤ የተደፈነውን ቀዳዳ ግን አይከፍትም። ለብቻው ለወራት ሲቀባ ደካማው ባክቴሪያ ይሞትና መድኃኒቱን የቻለው ይቀራል፤ የሚራባውም እሱ ነው። መላመዱ ብጉንጅና የቁስል መመርቀዝ ወደሚያመጡ ሌሎች ባክቴሪያዎችም ሊሻገር ይችላል። በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገመታል። "የብጉር ቅባት ናት" ብለን የምናልፋት ቱቦም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለችም።

ታዲያ እንተወው? በፍጹም! ጥሩ መድኃኒት ነው። ግን፦

✅ ለብቻው አትቀቡት። ከቤንዞይል ፐሮክሳይድ ጋር ሲሆን ባክቴሪያው በቀላሉ አይላመድም። 2.5 በመቶው ከ10 በመቶው ብዙም አያንስም፤ ማቃጠሉ ግን ይቀንሳል። ጨርቅ ስለሚያነጣ የነጠላችሁን ጥለትና የትራስ ልብሳችሁን ጠብቁ።

✅ ብጉሯ ላይ ብቻ ነጠብ አታድርጉ። ብጉር የሚወጣበትን ቦታ በሙሉ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ።

✅ ታገሡ። ለውጡ የሚታየው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በ12 ሳምንት ግን ሐኪም ይየው። አብዛኛውን ጊዜ አንቲባዮቲኩ ይቆምና እንደ አዳፓሊን ባሉ አንቲባዮቲክ ባልሆኑ መድኃኒቶች ይቀጥላል። (ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ለማርገዝ ካሰብሽ አዳፓሊን አትጀምሪ።)

✅ ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ የምትወጡ፣ ብርዱ አያታላችሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ይበረታል፤ ብጉር ጥሎት የሄደውን ጥቁር ምልክት ያብሰዋል። ኮፍያና የፀሐይ መከላከያ ክሬም ያዙ።

⛔ ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም፣ ጄሉን እየተጠቀማችሁ ከባድ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከመጣ አቁሙና ወዲያው ታከሙ።

"ለብጉር ብዬ ካርድ ላውጣ?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ኑሮው ውድ ነው፤ አልፈርድባችሁም። ግን በግምት በየወሩ የሚገዛ ጄልም ገንዘብ ነው፤ ዓመት ቆይቶ የሚቀረው ጠባሳ ደግሞ ከዚያ በላይ ያስወጣል።

ጥፋቱን በታካሚ ላይ ብቻ መጣልም ልክ አይመስለኝም። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ መሸጥ የለበትም፤ ጄል ሲሆን ግን እንደ ቫዝሊን ይሸጣል። እኛ ሐኪሞችም "ጠዋትና ማታ" ብለን እንጽፍና የሚቆምበትን ቀን እንረሳለን።

ስለዚህ ከናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ጄሉ ሲታዘዝላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት "ዶክተር፣ መቼ ነው የማቆመው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ ደግማችሁ ጠይቁ!

ብጉር ያስቸገረው ጓደኛ ካላችሁ አጋሩት።