ቀን ቁረጡላቸው

የዛሬው ወጋችን ስለ ዓሣ ነው። ደሎ መና ተቀምጦ ስለ ዓሣ ማውራት ሊያስገርማችሁ ይችላል፤ የእኛ አገር ስሙ የሚነሳው በሐረና ጫካ ቡናና በማሩ ነው። ነገሩን ያመጣው የልጅ ልጄ ነው።

ልጁ 11 ዓመቱ ነው። እናቱ ለሥራ አረብ አገር ስላለች ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ይኖራል። ባለፈው ክረምት በስልኬ ላይ በውቅያኖስ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎችን አየና ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። እኛ በቆርቆሮ ታሽጎ የምናውቀው ቱና ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝን ዘመድ እንዳለው ነገረኝ። ዋሁ የሚባለው ረጅምና ፈጣን ዓሣ ደግሞ ጥርሱ ስለት ነው፤ ክር ስለሚበጥስ ከመንጠቆው በላይ ሽቦ ይታሰርለታል። በኬንያ ጠረፍ፣ ማሊንዲና ዋታሙ ላይ፣ የደቡቡ ነፋስ ሲበርድ ጀልባዎች ሰው ሠራሽ ማባበያ ከኋላቸው እየጎተቱ ይወጣሉ። ጊዜው እኛ አዲስ ዓመት የምንቀበልበት ሰሞን ነው።

እኔም የድሮ የጂኦግራፊ መምህርነቴ ተነሳብኝና ካርታ ዘርግቼ አሳየሁት። የእኛ ያዶት ወደ ገናሌ ተፋሰስ ይወርዳል። ገናሌ ዶሎ ላይ ከዳዋ ጋር ሲገናኝ ጁባ ይባላል፤ ጁባም ኪስማዩ አጠገብ ህንድ ውቅያኖስ ይገባል።

«ታዲያ የእኛ ውሃ ቱናው ጋ ይደርሳል ማለት ነው?» አለኝ ዓይኑን አፍጥጦ። ከዚያ «እንግዲያው ከእኛ ወንዝ እንጀምር። አባባ፣ መቼ ነው የሚወስዱኝ?»

«ነገ» አልኩት። በማግስቱም «ነገ» አልኩት። ሁለት ወር ሙሉ ነገ እያልኩ ቆየሁ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ልጁ ከቤት ጠፋ። የናይለን ክር በዱላ ላይ አስሮ፣ መርፌ ቁልፍ አጥፎ መንጠቆ ሠርቶ፣ ከጓደኛው ጋር ያዶት ወርዶ ኖሯል። መና ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ላይ ሐረና ግን ዘንቦ ነበር። ውሃው በድንገት ሞላ፣ ልጁ እርጥብ ድንጋይ አዳለጠው። ከብት ሊያጠጣ የወረደ ጎረምሳ በሸሚዙ ይዞ ባያወጣው ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍላችሁም ነበር።

ለእናቱ መንገር ከበደኝ። ሦስት ቀን ደበቅኋት። በአራተኛው ቀን ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ የእኔንም «ነገ» ጭምር። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «አባዬ፣ አይከልክሉት፤ አብረውት ይሂዱ» አለችኝ። ልከልክለው ቆርጬ ስለነበር አፈርኩ።

በህዳር ዝናቡ ጋብ ሲል ጉዞ ጀመርን። ከመና ሙቀት ተነስቶ በሐረና ወደ ሳነቲ ሲወጣ ብርዱ ሌላ ዓለም ነው። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን አልፈን በጎባና በሮቤ በኩል ዲንሾ ደረስን፤ በመስከረም 2016 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው። ፈቃድ ጠይቀን ወደ ወይብ ወንዝ ወረድን። በወንዙ ውስጥ ትራውት አለ፤ ዘሩ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ፣ ቀዝቃዛና ንጹህ ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው።

እስከ ቀትር ቆመን አንድም አልያዝንም። ግን ልጁ ሳይጠየቅ ብዙ ነገር አወራኝ፤ እናቱ ስትናፍቀው ስልኬን ወስዶ ያንን የባሕር ቪዲዮ እንደሚከፍት፣ እሷ ያለችበት አገርም ባሕር ዳር እንደሆነ። ያን ጊዜ ነው የቱናው ነገር የገባኝ።

ልጅ ወንዝ ካማረው አይከልከል፣ ግን ብቻውን አይሂድ። ውሃው ከደፈረሰ ወይም ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ሰማዩ ጥርት ቢልም ወዲያው ይውጣ፤ ላይ ዘንቧል ማለት ነው። ዋና አለመቻላችሁንም ደብቃችሁ አትጀግኑ፤ እኔ ስለማልችል ሁለታችንም ከዳር ነበርን።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «የሚቀጥለው መቼ ነው?» አለኝ። «ነገ» ሊያመልጠኝ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ካላንደሩ ላይ የጥር ሁለተኛውን ቅዳሜ አስመረጥኩት። ቀኑን ለእናቱም ልከንላታል።