እንግዳና ቁና

ልጆች ሆይ፥ መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሰው ሁሉ፥ ያነበበውን ቃል በሥራ የሚያውልበትን ስፍራ ደግሞ መፈለግ ይገባዋል። በእሑድ ቀን የሰማውን በገበያ ቀን የሚረሳ ሰው፥ መልካም ዘር ተቀብሎ በጎተራ እንደ ቈለፈ፥ እርሻውንም ጦም እንዳሳደረ ገበሬ ነው። ዘሩ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን መሬት ስላልነካ ፍሬ አይሰጥም።

በኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ሁለት ትእዛዛት ጎን ለጎን ተጽፈው ይገኛሉ። አንደኛው በአገራችን የተቀመጠውን እንግዳ ስለ መውደድ ይናገራል። ሁለተኛው ሚዛንንና መስፈሪያን ስለ ማቅናት ይናገራል። ተማሪ ይህን ባነበበ ጊዜ፥ እንግዳንና ቁናን ምን አገናኛቸው? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል።

ነገሩ ግን የተገናኘ ነው። የአገሩ ሰው የገበያውን ዋጋ ያውቃል። ነጋዴው ቢያጎድልበት ይከራከራል፤ የሚቆምለት ዘመድም አለው። እንግዳ ግን ዋጋውን አያውቅም፤ ቋንቋውም ይቸግረዋል፤ ተበደልሁ ቢል የሚሰማው የለም። ስለዚህ የቁናችን ቅንነት የሚፈተነው ለሚያውቀን ሰው ስንሰፍር አይደለም፤ ሊከራከረን ለማይችል ሰው ስንሰፍር ነው። ሲገዛ ነቅንቆና ቈልሎ፥ ሲሸጥ ግን በላላ እጅ የሚሰፍር ሰው፥ እንግዳን እወዳለሁ ቢል ፍቅሩ በአፉ ብቻ ነው። ዛሬ በብዙ ገበያ በቁናው ፋንታ የኪሎ ሚዛን ገብቷል፤ የሰው ልብ ግን ያው የቀድሞው ነው።

የጫግኒ ከተማ ይህን ትምህርት ለመረዳት የተመቸች ናት። ከእንጅባራ ወደ መተከል በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች፤ በቀድሞውም ዘመን የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ስለዚህ ደገኛና ቆለኛ ሲገናኙባት ኖረዋል። ከደጋው ጤፍና ዳጉሳ፥ ከቆላው ሰሊጥ ይወርድባታል፤ ሰውም የሚነጋገረው በአንድ ቋንቋ ብቻ አይደለም።

በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን ብዙ ደም በፈሰሰ ጊዜ፥ አማራው፥ አገው፥ ሺናሻው፥ ኦሮሞውም ቤቱንና ከብቱን ጥሎ ሸሸ። ከነዚህም ብዙ ሺህ ሰዎች ሕፃናትን በጀርባቸው አዝለው ወደ ጫግኒ መጡ፤ በከተማይቱ አጠገብ ራንች በተባለው ስፍራም መጠለያ ተዘጋጀላቸው። የአካባቢው ሰው እህልና ልብስ ይዞ ደረሰላቸው። አባቶቻችን በመንገደኛ ላይ በመሸ ጊዜ፥ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ሲላቸው፥ ቤት ለእንግዳ ብለው ይመልሱ ነበር። በዚያ ወራት ይህ የቆየ መልስ በሥራ ታየ።

ነገር ግን የመጀመሪያው ቀን ርኅራኄ ቀላል ነው። እንባ ያየ ሰው ሁሉ እጁን ይዘረጋል። እንግዳው ወር ሲቀመጥ፥ ዓመትም ሲደግም፥ ያን ጊዜ ልብ ትደክማለች። ችግረኛ ስለ ሆነ በርካሽ ይሠራልኛል፤ መሄጃ ስለ ሌለው ለጎጆዬ የጠየቅሁትን ኪራይ ይከፍለኛል፤ የሚል አሳብ ይመጣል። እግዚአብሔር ይህን አሳብ አስቀድሞ ስላወቀ፥ በኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ፥ የድኻው ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ እንዲከፈል አዘዘ፤ ያ ሠራተኛ ወገን ቢሆን ወይም እንግዳ ቢሆን ልዩነት አላደረገም። እኔም የምለው ይህን ነው፦ ለእንግዳ አንድ ቀን እንጀራ ከመቍረስ ይልቅ፥ ዓመቱን ሁሉ ሙሉ ቁና መስፈር የበለጠ ምጽዋት ነው። እንጀራው ለአንድ ቀን ያጠግበዋል፤ ሙሉው ቁና ግን ክብሩን ሳያጎድል ያኖረዋል።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ፥ ወገናችንን ያፈናቀሉት ከእንዲህ ያለ ነገድ የተወለዱ ናቸውና፥ ከዚያ ነገድ የሆነውን ሁሉ ልንጠላ ይገባናል፤ ይላሉ። ይህ ቃል ከቍስል የወጣ ስለ ሆነ በቍጣ ልንመልሰው አይገባም፤ ቢሆንም እውነት አይደለም። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ18ኛው ምዕራፍ፥ ልጅ በአባቱ ኀጢአት እንደማይጠየቅ አስተምሮናል። ደም ያፈሰሰ ሰው በዳኛ ፊት ይቁም፤ ያላፈሰሰው ግን ስለ ምን ይከፍላል? በዚያው ወራት ከጉሙዝም ሕዝብ ቤቱን ያጣ፥ በጫካ ያደረ ብዙ ነው። ከቆላ ሰሊጥ ይዞ ለሚመጣው የጉሙዝ ሰው ቁናውን የሚያጎድልበት ነጋዴ፥ የወገኑን ደም አልተበቀለም፤ ሌባ ሆነ እንጂ።

የሩትን ታሪክ አስቡ። ሩት ሞዓባዊት ነበረች። እስራኤል ከግብፅ በወጡ ጊዜ ሞዓባውያን እንጀራና ውኃ ይዘው ስላልተቀበሏቸው፥ በሁለቱ ሕዝቦች መካከል የቆየ ቂም ነበረ። ቦዔዝ ግን የሕዝቧን በደል በእርስዋ ላይ አልቈጠረም። በእርሻው እንድትቃርም ፈቀደላት፤ ሠራተኞቹንም ከነዶው እየመዘዙ እንዲተዉላት፥ እንዳያሳፍሯትም አዘዘ። በኋላም ስድስት መስፈሪያ ገብስ ሰፍሮ አሸከማት። እንግዳንና መስፈሪያን ያገናኘው ሕግ በዚህ ሰው እጅ ተፈጸመ። ንጉሥ ዳዊትም ከዚህች እንግዳ ዘር ተወለደ፤ የማቴዎስ ወንጌልም በመጀመሪያው ምዕራፍ ስሟን በጌታችን የትውልድ ሐረግ ውስጥ ይቈጥረዋል።

እናንተ ልጆች፥ እኛ ነጋዴዎች አይደለንም፤ ጎጆም አናከራይም፤ ትሉ ይሆናል። ነገር ግን እናንተም የምትሰፍሩት ነገር አላችሁ። ከሌላ አገር የመጣ ልጅ በክፍላችሁ ብቻውን ሲቀመጥ አጠገቡ ተቀመጡ። አማርኛ ሲናገር ምላሱ ቢሰናከል አትሳቁበት፤ የእርሱን ቋንቋ እናንተ ብትሞክሩ የእናንተም ምላስ ይሰናከላል። መጽሐፍ ባይኖረው የእናንተን በመካከል አድርጉት። በጨዋታ ሜዳ ተራው ሲደርስ ተራውን አትውሰዱበት። እናታችሁ እንቍላል ወይም እህል እንድትሸጡ ብትልካችሁም፥ ዋጋውን ለማያውቀው ሰው የምትነግሩት ለሚያውቀው የምትነግሩትን ይሁን።

ጌታችን በፍርድ ቀን፥ ስንት ምዕራፍ አነበባችሁ? ብሎ እንደሚጠይቅ በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ አልተጻፈም። የተጻፈው ስለ ተራበው፥ ስለ ታረዘውና ስለ እንግዳው እንደሚናገር ነው። እንግዲህ ማንበብን በትጋት ተማሩ፤ ያነበባችሁትንም ከመጽሐፉ ወደ እጃችሁ አውርዱት። እንግዳ ከደጃችሁ ሲመለስ፥ ቁናው ሙሉ፥ ፊቱም ያላፈረ ይሁን።